በሰው ካርድ የገባችው

ጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.
አምቦ

ለእትዬ አስካለች፣

ይህ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው፤ ሁለቱን ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፤ ውሸት ስለሚሆን ተውኩት። ከሁለቱ ጥያቄዎችሽ አንዱን መመለስ ፈርቼ ነው።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? የካቺሲ ብርድ ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? እናትሽ ደህና ናት። የካቺሲ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የኦቦ ጉርሙ አውቶቡስ በሚገባበት ቀን መናኸሪያ ሄዳ ትጠብቃለች። ደብዳቤሽን ሳነብላት "እስቲ እዚያ ላይ ድገሚው" እያለች ሰላምታውን ብቻ ሦስት ጊዜ ታስነብበኛለች። ከእሷ ጋር መኖሩ ተስማምቶኛል። እንደ አባቴ ቤት እንደ ሸነን ማታ ማታ ስለ እኔ የሚመካከር ሰው የለም።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ሥራውን ለመድሽው ወይ የሚል ነው። ለምጄዋለሁ። ካርድ ክፍሉ አንቺ ትተሽው እንደሄድሽው ነው። መስኮቱ አሁንም ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ካርድ ሳወጣ በቦታው ቁጥሩን የጻፍኩበት ካርቶን እተካለሁ፤ የወጣው ሁሉ ክሊኒኩ ከመዘጋቱ በፊት መመለሱን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ። ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ እጠይቃለሁ። የታካሚ ነገር ከክፍሉ አይወጣም። ከዘጠነኛ ክፍል ማቋረጤን እዚህ ማንም አያነሳብኝም፤ የእጅ ጽሑፌን እንዲያውም ያመሰግኑልኛል። የሚያስቸግረኝ ድምፄ ነው። ስም ስጠራ ከመስኮቱ አያልፍም። ባለፈው አንድ ሽማግሌ "ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ወይ አንቺ ጩኺ፣ ወይ እኛ እዚሁ እንሙትልሽ!" ብለው ሰልፉን በሙሉ አሳቁብኝ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ካስተማርኩሽ ያፈረስሽው አለ ወይ የሚል ነው።

አለ። አንድ ጊዜ ነው።

በመስከረም አጋማሽ፣ ቅዳሜ ነበር። አዲስ ካርድ የሚወጣው እስከ አራት ሰዓት ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ተመላሽ ብቻ ነው። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ ሙሽራ ናት፤ ጉሮሮዋ አብጦ መናገር አቅቷታል፤ ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል። ሌላዋ የባሏ እህት ናት። አዲስ ካርድ አልቋል አልኳቸው። የባሏ እህት ከጉያዋ የራሷን የካርድ ቁጥር አውጥታ ገፋችልኝ።

"ስም?" አልኩ።

"ወረቀቱ ላይ አለልሽ አይደል? ወይስ ማንበብ አትችዪም?" አለችና ሳቀች።

ካርዱን አወጣሁት። ዕድሜ ሠላሳ ሰባት ይላል። ሙሽራይቱ ሃያም የሞላት አትመስልም። የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ደግሞ ያጉረመርማል። ካርዱን ለሲስተር ሮዛ አሳለፍኩት፤ ሙሽራይቱ በባሏ እህት ስም ተጠርታ ገባች።

የካርድ ክፍሏ ጉዴ በሰው ካርድ ሰው አስገብታ እንደተባረረች ሰምተሻል። ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ሙለታ ከዚያ ወዲህ "በሰው ካርድ ሰው ያስገባ በዚያው ቀን ይሰናበታል" የሚል ወረቀት ከመስኮቴ በላይ ለጥፈዋል። ስቀመጥም ስነሳም ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር አለ። ግን ወረቀቱ አለቀብኝ፤ አውቶቡሱም ሊነሳ ነው።

ታናሽሽ ጊፍቲ

———

ጥቅምት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.
ካቺሲ

አንቺ ልጅ፣

ወረቀት አለቀብኝ ትዪኛለሽ? ከስምሽ በታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ለክቼዋለሁ። ውሸት ካማረሽ ከመጻፍሽ በፊት ወረቀቱን ቅደጂው።

ለሰላምታሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳሉ ለቆኛል። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ስልክ ስለሌለ አሁን ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ማውራት ጀምሯል፤ ይህም ችግር ሆኖብኛል። እኔ የማልወደው የመንገዱን ነገር ነው። መድኃኒት ይዛ የምትመጣው መኪና በዚህ ወር አንዴ ብቻ ገባች። ሰው ማታ ማታ በር ቶሎ ይዘጋል። ሌላውን ስንገናኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ተቆጥቼሽ አይደለም፤ ያ ሰልፍ በእኔም ላይ አጉረምርሞ ያውቃል። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ሄጄ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካርድ ሰው የሚገባበት ቲኬት አይደለም። ነገ ካርዱን የሚከፍት ሰው ታካሚዋን አያውቃትም፤ የሚያምነው የተጻፈውን ነው። በሰው ካርድ የገባች ሴት ተነስታ ትሄዳለች፤ የተጻፈላት ግን እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ በዚያ ካርድ ላይ ምን ተጻፈ? ከእሱ ሸሽተሽ ነው "አውቶቡሱ ሊነሳ ነው" ያልሽኝ። ሁሉንም ጻፊልኝ። ስሟን ግን እንዳትጽፊ፤ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም። የታካሚ ስም በደብዳቤ አይሄድም። ይህቺን እንኳ አታፍርሺብኝ።

እማዬን ሳሚልኝ። ሰላምታውን አራተኛ ጊዜ አንብቢላት።

አስካለች

———

ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም.
አምቦ

ለእትዬ አስካለች፣

ስለ ወረቀቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ አራተኛውን ጊዜ ሰምታ "ድምፅሽ ዛሬ ከትናንት ይሻላል" አለችኝ።

የጠየቅሽኝን እጽፋለሁ፤ ስሟንም እንዳልሽው ትቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ዶክተሩ ለሙሽራይቱ መርፌ አዘዙላት። ሲስተር ሮዛ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ክንዷ ላይ ትንሽ ሞከረች። ሙሽራይቱን ኮሪደሩ ላይ አየኋት፤ ክንዷን ታካለች፤ ያከከችው ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ተነስቷል። ሲስተር ሮዛ ወጥታ አየችና "በክኒን ቀይሬልሻለሁ፣ ሂጂ" አለቻት። ሌላ አላለቻትም፤ በር ላይ አሥር ሰው ቆሟል። ሁለቱም ክኒኑን ተቀብለው ወጡ።

ከሰዓት ካርዱን ልመልስ ስል በፊቱ ገጽ ላይ፣ ከስሙ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አገኘሁ። እንግሊዝኛዬ ጥቂት ነው፤ ፔኒሲሊን የሚለውን ግን ከመድኃኒቱ ሣጥን ላይ አውቀዋለሁ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቀስ ብዬ ሲስተር ሮዛን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። "ይቺ ሴትዮ ፔኒሲሊን ከተወጋች ትሞትብናለች ማለት ነው" አለችኝ፤ ጓንቷን እያወለቀች።

"ይቺ ሴትዮ" ያለቻት ባለ ካርዷን ነው። ክንዷ ያበጠው ሌላዋ ናት።

ካርቶኑን አውጥቼ ካርዱን ቦታው ላይ አስገባሁት።

ባለፈው ሳምንት ሙሽራይቱ ተመልሳ መጣች። በጊዜ ስለመጣች አዲስ ካርድ በራሷ ስም አወጣሁላት፤ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ያማታል፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ዶክተሩ ረጅም ጊዜ አዳመጧት። የልብ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብለው ለምርመራ አዲስ አበባ ልከዋታል፤ ውጤቱን ይዛ ትመለሳለች። ካርዷ ነጭ ነው። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም። የምርመራ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ በመስኮቴ ጎንበስ ብላ "ያንን ነገር ለማንም አልተናገርሽም አይደል? የባሌ እህት ትቆጣኛለች" አለችኝ። ክኒን ለምን እንደተቀየረላት አታውቅም፤ መርፌ ያለቀ መስሏታል።

ለዶክተሩ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ኦቦ ሙለታ እዚያ ነበሩ። በሁለተኛው ማንም አልነበረም፤ ተመለስኩ።

ለምን እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ከዚህ ከተባረርኩ መመለሻዬ ሸነን ነው። አባቴ ሊድረኝ ለኦቦ ኤጄታ የገባውን ቃል አላጠፈም፤ በየበዓሉ እየላከ "ልጅቷ መቼ ነው ሥራ የሚበቃት?" ይላል። ሰውየው ከአባቴ በሁለት ዓመት ይበልጣል። እናትሽ እስካሁን "ደሞዝተኛ ናት" እያለች ነው የምትመልሰው።

ምን ላድርግ? እስክትጽፊልኝ ምንም አልነካም።

ጊፍቲ

———

ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.
ካቺሲ

ለጊፍቲ፣

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ይህኛውም መቼ እንደሚደርስሽ እንጃ። አውቶቡሱ ከመጣ አምስት ቀን ሆኖታል። አንድ የኑግ ነጋዴ በእግሩም ቢሆን ጎጆ ከተማ እወጣለሁ እያለ ነው፤ ለእሱ እሰጠዋለሁ።

ምን ላድርግ ላልሽው መልሱ አንድ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለዶክተሩ ንገሪያቸው። ይህን እስክታነቢ ነግረሻቸው እንደሚሆን አምናለሁ። "ምንም አልነካም" ብለሽ የጻፍሽውን እንዳላየሁ ቆጥሬዋለሁ። የኦቦ ሙለታን ቁጣ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ሰው አይገድልም። ስለ ኦቦ ኤጄታ ደግሞ እማዬ አለችልሽ፤ እኔም አለሁ። ካቺሲ አልጋ አለኝ።

አሁን ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፤ ቁጣ ብቻ ይዤ አልሰናበትሽ። ትናንት እዚህ በምሠራበት ሕክምና ቤት መስኮቴ ላይ አንዲት የመምህር ሚስት መጣች። ባሏ ወደዚህ ተዛውሮ ነው፤ መንገዱ ሳይዘጋ በመጨረሻው አውቶቡስ የገቡ ናቸው። ሪፈሯን ስትሰጠኝ ገና ሳልገልጠው የእጅ ጽሑፍሽን አወቅሁት! የታካሚ ስም በደብዳቤ አይሄድም ያልኩሽን ለዛሬ ልርሳውና፣ ሃዋኒ ዋቅቶላ ትባላለች። ሁሉም መስመር ተሞልቷል፤ ቀበሌው፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የማይስማማ መድኃኒት የሚለው እንኳ ባዶ አልቀረም። እዚህ ስንቱ ባዶውን ነው የሚልከው! ለሁሉም እያሳየሁ "ይህቺን እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አልኩ።

የልብ ሕመም አለባት፤ በየወሩ ፔኒሲሊን እንድትወጋ ታዟል። እዚህ የወር መርፌ ያለባቸው ሁሉ በአንድ ዓርብ ነው የሚመጡት፤ የእሷ ኅዳር 24 ከሰዓት በኋላ ይጀመራል። መንገዱ ስለተዘጋ መርፌው ተቆጥሮ ነው ያለው፤ ለመሞከሪያ የሚባክን የለም። ነርሷ ምን ይሻላል ብላ ስታመነታ፣ "ወረቀቱ ላይ የለም ተብሎ ከተጻፈ የለም ማለት ነው፤ የጻፈችውን ልጅ አውቃታለሁ" አልኳት። እሺ ብላለች።

አየሽ፣ ጥሩ ሥራ ሩቅ ይሄዳል።

አስካለች

———

ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም.
አምቦ

ለእትዬ አስካለች፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ረቡዕ በስምንት ሰዓት ደረሰኝ። የኑግ ነጋዴው ራሱ መስኮቴ ድረስ አመጣልኝ።

ሃዋኒ ዋቅቶላ ስሟን ያልጻፍኩልሽ ሙሽራ ናት። ክንዷ ያበጠው እሷ ናት።

የሆነውን በተራው ልጻፈው።

ኅዳር 7 ቀን የአዲስ አበባ ውጤቷን ይዛ መጣች። ዶክተሩ መርፌ በየወሩ ያስፈልጋታል አሉ። ባሏ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚዛወር እዚህ ከምትጀምር እዚያው ትጀምር ብለው ሪፈር ጻፉላትና የላይኛውን ክፍል እንድሞላው ለእኔ ሰጡኝ። ስሟን ጻፍኩ። ዕድሜዋን ጻፍኩ። የማይስማማ መድኃኒት የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። የራሷን ካርድ ገለጥኩ፤ ምንም የለበትም። ከካርዱ ላይ ገልብጪ ነው የተባልኩት። ኦቦ ሙለታ ከኋላዬ ቆመው "ምነው ፈዘዝሽ፣ ሴትዮዋ መንገደኛ ናት እኮ" አሉ። የለም ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሙን እሳቸው መቱበት።

የምትሄደው ካቺሲ እንደሆነ አውቅ ነበር። አንቺ እዚያ ስላለሽ ወዲያው እጽፍላታለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ኅዳር 11 ሁሉንም፣ ስሟንም ጭምር ጻፍኩልሽ። ኦቦ ጉርሙ ደብዳቤውን ወስደው በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ። "ጎጆ ላይ መልሰውናል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ የለም" አሉኝ። ሲመልሱልኝ ቀለል አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ደብዳቤውን መዝገቡ ሥር አስቀምጬ፣ የሚቻለኝን አድርጌያለሁ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ባለ ካርዷ መጣች። አሁን ስም መደበቁ ምን ይጠቅማል፤ ሸዋነሽ ጉደታ ናት። እግሯን እሾህ ወግቷት መግሏል። ሲስተር ሮዛ ካርዱን አየችና፣

"አዴ ሸዋነሽ፣ አንቺ እኮ ፔኒሲሊን አትወጊም" አለቻት።

"ማን ነው ያለው? እኔ? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የምወጋው!"

"እዚህ ተጽፏል፤ የእኔው ጽሑፍ ነው።"

"እንግዲያው አንቺን ያክሙሽ!" ኮሪደሩ ሁሉ ሳቀ።

ሸዋነሽ የካደችው ነገር የለም፤ ያን ቀን ምን እንደተጻፈ አታውቅም። ሲስተር ሮዛ ሞከረቻት። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ክንዷ ምንም አልሆነም። ሲስተር ሮዛ በቀዩ ጽሑፍ ላይ ሁለት መስመር አሰመረችበት፤ አጠገቡ "በስህተት የተጻፈ" ብላ ፈረመች። ካርዱን ለእኔ ስትሰጠኝ "ያን ቀን ደክሞኝ ነበር መሰለኝ" አለችኝ፤ ራሷን እየነቀነቀች። እኔ በቦታው መለስኩት።

አሁን በዚህ ክሊኒክ ውስጥ ሃዋኒን የሚያስጠነቅቅ አንድም የተጻፈ ነገር የለም። የሚያውቅ ሰውም ከእኔ በቀር የለም። አንቺ ደግሞ ለነርሷ የጻፈችውን ልጅ አውቃታለሁ ብለሻታል።

ደብዳቤሽን ሳነብ የኑግ ነጋዴው ገና ውሃ እየጠጣ ነበር። ከካቺሲ ጎጆ በስንት ገባህ ብዬ ጠየቅኩት። "አንድ ቀን ተኩል፤ ግን ከበቅሎዬ ጋር ነው፣ እሷ ሰነፍ ናት" አለኝ። ተመልሰህ ትሄዳለህ ወይ አልኩት። "ካላበድኩማ አልመለስም" አለ። ብቻውን የሄደ ሰው የለም ወይ ስለው ጫማዎቼን ተመለከተ።

ኦቦ ጉርሙ ጋም ሄድኩ። አውቶቡሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል። በእናትሽ ስልክ ወደ ካቺሲ ደጋግሜ ደወልኩ፤ እንደምታውቂው ነው።

ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠችና "ልጂቱ እናት አላት?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። "አላት፤ ሁሉም አለው" አለችኝና ነጠላዋን አንስታ ጎረቤት ወጣች። ስትመለስ ለእግሬ ልክ የሚቀርብ የቆዳ ጫማ ይዛ መጣች።

ነገ ሐሙስ ነው። በሁለት ሰዓት፣ መስኮቱ ሳይከፈት፣ የሁለቱንም ካርድ አውጥቼ፣ በቦታቸው ካርቶን ተክቼ፣ ዶክተሩ በር ላይ እቆማለሁ። ኦቦ ሙለታ አብረዋቸው ቢገቡም እናገራለሁ። ሃዋኒ በሸዋነሽ ካርድ ገባች፣ ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ የለም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ድምፄ ካልወጣ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ለሳቸው ሰጥቼ አጠገባቸው ቆሜ እስኪጨርሱት እጠብቃለሁ። ማረሚያ እንዲጽፉልኝና ማኅተም እንዲመቱበት እለምናቸዋለሁ። ስልክ ወይም ሬዲዮ ያለው መሥሪያ ቤት የሚያውቁ ከሆነ ይደውሉ። እምቢ ካሉኝ ካርዶቹን ይዤ እወጣለሁ። ካርድ ከክፍሉ እንደማይወጣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ ይህንንም አፈርሰዋለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ጊንጪ የሚሄድ መኪና አለ። ከጊንጪ ጎጆ ድረስም አይጠፋም ይላሉ። ከጎጆ ወዲያ በእግሬ ነው። ነጋዴው አንድ ቀን ተኩል አለኝ፤ እኔ ያለኝ ከነገ ቀትር እስከ ዓርብ ቀትር ነው።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አልሰጠውም። ነገ በደረቴ ይዤው እነሳለሁ።

ጊፍቲ